ልዑሉ በእልፍኛችን ሳለ

ዘጠነኛው ወር፣ 1

ደረቅ የሰሜን ነፋስ። ግቢው ውስጥ ሰማንያ ዘንግ ኑድል ሰቀልን፤ አንድም ክር አልተበጠሰም። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አሥር ቢገኝ ነው።

ማለዳ ለልዑሉ፣ ጀልባዎቻችንን ለሚጠብቀው አምላክ፣ ዕጣን ለኮስኩ፣ ሻዩን ቀየርኩ። በዓሉ አርባ አራት ቀን ቀረው። የልዑሉ ምስልና የመንደሩ ጥና እልፍኛችን ከገቡ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እኔ ግን እስካሁን በሩን ስከፍት ልቤ ድንግጥ ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ሁለቱን መጠየቂያ እንጨቶች ስወረውር ኖሬአለሁ። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ሲወድቅ ልዑሉ እሺ አለ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ሰባት ጊዜ በተከታታይ እሺ ብሎኝ የዓመቱ ጥና ጠባቂ ሆንኩ። ጉዋንሊን ስድስት ላይ ቀረ። አብረን ፊደል የቆጠርን ሰው ነው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

እናቴ ዛሬም የሩዝ ገንፎዋን አልጨረሰችም።

ዘጠነኛው ወር፣ 4

ከተማ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ ጫማዬን እያየ ተናገረ። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር በቀዶ ጥገና የሚወጣ አይደለም። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። "ቤታችሁ ውሰዷትና ያማራትን አብሏት" አለ። ስንት ጊዜ አላት አልኩት።

"ወር። ምናልባት ትንሽ አለፍ ቢል።"

በአውቶብሱ ስንመለስ እናቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታ እኔ በጣቴ ቀን እቆጥር ነበር። እስከ በዓሉ ያለውን ቀን። የምቆጥረው ምን እንደሆነ ሲገባኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ዘጠነኛው ወር፣ 5

ደመና። ኑድል የለም። ሜይጁ ምድጃው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእናቴ ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረች ሚስቴ። እኔ ዕጣን ለኮስኩ። ሌላ ምን ላድርግ።

ዘጠነኛው ወር፣ 9

ዛሬ እናቴ ቀና ብላ ተቀምጣ ጠራችኝ። የምትተኛው ከእልፍኙ በስተምሥራቅ ባለችው ጎን ክፍል ነው፤ የዱቄት ጆንያዎቻችንም እዚያ ናቸው።

ምን ልትለኝ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሊሞት ሲል ትንፋሹ ሳይወጣ ወደ እልፍኙ ተወስዶ፣ የአያቶቹ ስም ከተሰቀለበት ሥር ይተኛል። ከዚያ በትልቁ በር ይወጣል። በጎን ክፍል የሞተ ወይም ደጅ የሞተ መንገዱ ይጠፋዋል። አባቴን የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የኦይስተር ዛጎል ሲለቅም ማዕበል ወሰደው። ሬሳው ተገኘ፤ ግን ውጭ የሞተ ነውና ሽማግሌዎቹ የቤታችንን ደፍ እንዳያልፍ ከለከሉ። ሦስት ቀን ባሕሩ ዳር በሸራ ሥር ተኛ። እናቴ ሦስቱንም ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ሸርጣን ስታባርር ነበር።

"አባትህ በር አልገባም" አለችኝ። "እኔ ግን በትልቁ በር ነው የምወጣው። ታደርግልኛለህ?"

"አደርጋለሁ፣ እማ።"

"ልዑሉስ?"

ትራሷን አስተካከልኩ። ትራሱ ደህና ነበር።

ዘጠነኛው ወር፣ 12

አጎቴ ዌንቶንግ መንደሪን ይዘው መጡ። የመቅደሱ ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው፤ ያለ ነገር አይመጡም። እናቴን ጠይቀው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ግቢ ስሸኛቸው ነገሩን አወጡት።

"ሰማሁ። ሁላችንም የምንሄድበት መንገድ ነው። ግን ጂንሹይ፣ ልዑሉ ካለበት ቤት ሬሳ አይወጣም። የአራት መንደር ጀልባ በዚያች ጥና ተማምኖ ነው ባሕር የሚገባው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ አጎቴ?"

"ልዑሉን ጠይቅ። እሺ ካለህ ጥናው ወደ ሁለተኛው ሰው ይሄዳል። ጉዋንሊን ጋ። ነውር የለውም።"

ነውር የለውም አሉ። ነውር ለሌለው ነገር እንዲህ አይባልም።

ዘጠነኛው ወር፣ 14

ጠየቅሁ። ልብሴን ቀየርኩ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ተንበረከክሁ። "ልዑል ሆይ፣ ከቤቴ መውጣት ትፈልጋለህ ወይ?" አልኩ። እንጨቶቹን ወረወርኩ። ሁለቱም በጀርባቸው ወድቀው ተወዛወዙ። ልዑሉ ሳቀ።

አይፈልግም ማለት ነው። ጠየቅሁ፣ መልሱን አገኘሁ። ከእንግዲህ በእኔ እጅ ያለ ነገር የለም።

ዘጠነኛው ወር፣ 15

ሜይጁ ኑድል ስንጎትት፦

"ሳቀ ነው ያልከኝ?"

"አዎ።"

"መሳቅ እንቢ ማለት አይደለም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ጥያቄህ አልገባኝም፣ አስተካክለህ እንደገና ጠይቀኝ ነው ያለህ። ለመሆኑ ምን ብለህ ጠየቅኸው?"

"እንደሚጠየቀው።"

"እናቴ እልፍኝ ትተኛ ዘንድ ብለሃል?"

"ልዑሉን መነዝነዝ አልወድም፣ ሜይጁ።"

"ባለፈው ዓመት ሰባቴ ስትነዘንዘው አልሰለቸህም ነበር።"

ከዚያ ለዶሮዎቹ ጥሬ እየበተነች "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ስትል ሰማኋት። ዶሮዎቹን አልነበረም።

ሊጡ ላይ ጨው አብዝቼ ሃያ ዘንግ ተበላሸ።

ዘጠነኛው ወር፣ 20

ሦስተኛ ቀን ዝናብ። የተሰቀለው ሁሉ ሻገተ።

ዓሣ ተራ ጉዋንሊንን አገኘሁት። "ልዑሉ እንዴት ከረመ? የዱቄታችሁ ብናኝ አላስነጠሰውም?" አለኝ በሰው ፊት። ሰዎቹ ሳቁ። ከዚያ ጠጋ ብሎ "እናትህስ?" አለኝ።

"ደህና ናት።"

"ደህና ከሆነች ጥሩ" አለና ቆመ። የሚጨምረው ያለ ይመስል ነበር። የሚጨምረው ጠፍቶኝ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ጥናዋን እያሰበ ነው የሚያድረው። ዓሣዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ዘጠነኛው ወር፣ 27

ታላቅ እህቴ እትዬ ቻይዩን ከባሏ መንደር መጣች። እስከ መጨረሻው ልትቀመጥ ነው። የእናቴን ሰውነት ስታጥብ ከአጥንት በቀር የምትይዘው አጣች።

ምድጃው ጋ ከሜይጁ ጋር ሲያወሩ ደረስኩባቸው።

"ንገሪው እንጂ" ትላለች እህቴ።

"ስንቴ ልንገረው? አይሰማም። አንቺም ታውቂዋለሽ።"

"ገና ልጅ ሳለ አንዴ የያዘውን የወረቀት ካይት አልለቅም ብሎ ከጣሪያ ወድቋል።"

ሳል ሳል አልኩ። ወዲያው ስለ ጎመን ማውራት ጀመሩ።

ማታ እናቴ እጄን ይዛ "አትጨነቅ" አለችኝ። "ልዑሉን በደንብ ሸኝተህ ና። እኔ ምን አስቸኮለኝ? እጠብቃለሁ።" አንጀቴን በላችው። "እማ፣ እንዲህ አትበይ" አልኳት።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም፤ ደስ አለኝ። ከራሷ አፍ ወጣ። እኔ አልጠየቅኋትም። ለብዙ ቀን ያላገኘሁትን እንቅልፍ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ ራሴን ጠላሁት።

አሥረኛው ወር፣ 3

ፀሐይ። ነፋሱ ተመለሰ። መቶ ዘንግ።

እናቴ ጠዋት ጠዋት "ዛሬ ስንት ነው?" ትላለች። "ሦስት" ስላት "ገና ሦስት?" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ውሃ እንኳ አይወርድላትም፤ እትዬ ቻይዩን ከንፈሯን በጥጥ ታረጥባለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ይዛ መጥታ ነበር። እናቴ ክንዷን ሸሸገች። "ያስተኛኛል" አለች። "ከተኛሁ ሳላውቀው እሄዳለሁ።" ነርሷ እኔን አየችኝ። ወንድ ልጇ ነኝ፤ ውጓት ማለት እችል ነበር። የእናቴን ፈቃድ አከብራለሁ አልኩ።

ጠንካራ ሴት ናት። ሁሉም እንዲህ ይላል።

አሥረኛው ወር፣ 8

ከበሮ መቺዎቹ ከዛሬ ጀምሮ ደጃችን ላይ ይለማመዳሉ፤ ለጥና ጠባቂው ክብር ነው። ሜይጁ ሂዱ በላቸው አለችኝ። እንዴት ልበላቸው? ደግሞም ከበሮው ሲመታ የእናቴ ማቃሰት አይሰማም።

ለእሷ ብዬ ነው። ጎረቤት ሲሰማት እንዳታፍር።

አሥረኛው ወር፣ 10

ከሰዓት በኋላ ጫማዬን አደረግሁ። ጉዋንሊን ጋ ልሄድ ነበር። የምለውንም አዘጋጅቻለሁ፦ "እናቴ እየሄደች ነው፣ ልዑሉን ተቀበለኝ።" ልዑሉንም እንደገና ልጠይቅ፤ እንጨቶቹን ይዤ ጉዋንሊን ደጃፍ ላይ እወረውራለሁ ብዬ።

ሜይጁ ከምድጃው ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ በራ። ልክ እንደሆነች ያወቀች ሰው ፊት። እዚያው ቆምኩ። አምስት ቀን ነው የቀረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ፣ ዓመት ሙሉ ሥጋ ትቶ፣ ንጋት ንጋት ተነሥቶ፣ አምስት ቀን ሲቀረው ለጉዋንሊን የሚሰጥ ሰው ምን ይባላል? በሰልፉ ጥናውን ይዞ ከፊት የሚሄደው እሱ ይሆናል። ሰው ሁሉ እሱን ያያል።

ጫማዬን አወለቅሁ። "ዝናብ ሊመጣ ነው" አልኳት።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሜይጁ ፊቷን ወደ እሳቱ መለሰች።

አሥረኛው ወር፣ 12

ከዛሬ ማታ ጀምሮ መቅደስ ነው የማድረው። ጥና ጠባቂው ከበዓሉ በፊት ሦስት ቀን ከሽማግሌዎች ጋር ይሰነብታል፤ ሕመምተኛ ያለበት ክፍል አይገባም። ዕጣኑን ሜይጁ ትለኩሳለች።

ከመሄዴ በፊት እናቴ ጋ ገባሁ። ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው።

"ስንት ቀረ?"

"ሦስት፣ እማ።"

"ሦስትማ ቀላል ነው" አለች።

የግንባሯን ላብ ጠረግሁላት። እትዬ ቻይዩን ተከትላኝ ወጥታ "ቅር ቢልህም ቅር ይበልህ፣ አንተ…" አለችኝና ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ገባች።

አሥረኛው ወር፣ 13

መቅደስ። ቢጫ ልብሴን ለካሁ፤ ሰፊ ነው፣ ከስቻለሁ። የቲያትር መድረኩ ተሠርቶ አለቀ። የወጥ ቤቱ ሴቶች ሁለት ሺህ የሩዝ ቂጣ ጋገሩ።

ከቤት ማንም አልመጣም። ማንም ካልመጣ ደህና ነው።

አሥረኛው ወር፣ 14

እትዬ ቻይዩን ንጹሕ ካልሲ ይዛልኝ መጣች። ከመቅደሱ አጥር ውጭ ቆማ ነው ያስጠራችኝ፤ ግቢ ስላት "ጫማዬ ጭቃ ነው" አለች። ሦስት ቀን ዝናብ አልዘነበም።

"እማ እንዴት ናት?"

"ተኝታለች።"

"ተኛች? መርፌው ሳይወጋት?"

"ደህና ተኝታለች። ግማሽ ሳህን ገንፎም በልታለች።"

ግማሽ ሳህን። አሥር ቀን ውሃ ያልዋጠች ሴት። ሰው ሲታመም አንዳንዴ እንዲህ ይሻለዋል፤ እሰየው ነው።

እህቴ የወርቅ ጉትቻዋን አላደረገችም። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ከጆሮዋ ወርዶ አያውቅም። የት አደረስሽው ስላት "አሳከከኝ" አለች። ካልሲዎቹን አጥሩ ላይ አስቀመጠች እንጂ በእጄ አልሰጠችኝም። ከዚያ "አንተ ብቻ ነገ ቀጥ ብለህ ሂድ" አለችኝና ፊቷን ሳታሳየኝ ሄደች።

አጎቴ ዌንቶንግ ምን አለች አሉኝ። "እናቴ ገንፎ በላች" አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝና "መልካም" አሉ።

አሥረኛው ወር፣ 15 (በማግስቱ የጻፍኩት)

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጠዋት የልዑሉን ዙፋን ከተሸከሙት ስምንት ሰዎች ጋር ቤቴ ደረስን። ርችቱ ጆሮ ያደነቁራል። ጥናውን ላነሳ እልፍኝ ስገባ የጎን ክፍሉ በር ተዘግቷል፤ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። ሜይጁ በሩ ፊት ቆማለች። "ነፋስ እንዳይመታት ነው" አለች። እልፍኙ ውስጥ የወትሮው እጥፍ ዕጣን ይጨሳል። ጥናውን አነሳሁ። በትልቁ በር ወጣሁ።

አራቱን መንደር ዞርን። በየደጁ ገበታ ተዘርግቷል፤ ሴቶች ሲያለቅሱ፣ ሽማግሌዎች ሲንበረከኩ፣ ከጥናው አመድ ቆንጥሬ ለሕፃናት ግንባር ስቀባ ዋልኩ። ሰው ሁሉ እኔን ያይ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳልመው የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ የማቃሰት ድምፅ አልነበረም። ከበሮው ሳይመታ፣ ርችቱ ጋብ ባለበት ቅጽበት፣ ከዚያ ክፍል ምንም ድምፅ አልነበረም። ጥናው እጄን አቃጠለኝ፤ አልቀየርኩትም።

ፀሐይ ስትጠልቅ መቅደሱ ፊት እንጨት ተወረወረ። የደቡብ ሰፈር ጀልባ ሠሪ ስምንት ጊዜ እሺ ተባለ። ጥናውን አስረከብኩትና በቢጫ ልብሴ ሮጥኩ።

እልፍኙ ውስጥ በሳንቃ አልጋ ላይ አስተኝተዋታል፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቧል። ጎረቤቶች ደጃፉን ሞልተዋል። "ቶሎ ና፣ አንተን እየጠበቀች ነው" አለች ሜይጁ። ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። ጣቶቿ አልታጠፉልኝም።

"እማ፣ መጣሁ" አልኩ።

"ሰማችህ" አለች እትዬ ቻይዩን፣ ደጅ ያሉት እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ልጇን አየች። አሁን አረፈች።"

ለቅሶው ተነሣ። "ልዑሉ እስኪሄድ ጠበቀች" ይላሉ ሰዎቹ። "እንዲህ ያለ ሞት ለማን ይሰጣል?" እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እውነቱ ለቅሶዬ ብቻ ነበር።

አሥረኛው ወር፣ 16

ቄሱ መጣ። ብሩሹን ቀለም ነክሮ "ነፍሷ በስንት ሰዓት ወጣች?" አለ። ጸሎቱ ሁሉ፣ ለሰባት ሳምንት፣ ከዚያ ሰዓት ነው የሚቆጠረው፤ ነፍሷን መንገድ ላይ የሚቀበሏትም በዚያ ሰዓት ነው። እህቴ "ትናንት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ" አለች። ቄሱ ጻፈ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አፌን ብከፍት ሁለቱን ሴቶች በአራቱ መንደር ፊት አዋርዳለሁ፤ ባልከፍት እናቴን በማትገኝበት መንገድ ይፈልጓታል። ቀለሙ ሲደርቅ አየሁ።

በኋላ ጉድጓዱ ጋ እህቴን አገኘኋት።

"መቼ ነው፣ እትዬ?"

"ምኑ?"

"እትዬ።"

ጨርቁን ጠመዘዘችው፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ትጠመዝዘው ነበር። "አትጠይቀኝ። ብታውቅ ጥናውን መንካት አትችልም ነበር። ላንተ ብለን ነው።" ከዚያ "ጠርታህ ነበር" አለች። "አንዴ ብቻ።"

አላወቅሁም ነበር ብል ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ጆሮዋን ባዶ ያየሁ ዕለት አውቄያለሁ፤ እኛ ዘንድ ወርቁን የሚያወልቅ ሐዘንተኛ ነው።

አሥረኛው ወር፣ 19

ትናንት ቀበርናት። በትልቁ በር ወጣች።

ዛሬ ጉዋንሊን ሊያስተዛዝን መጣ። ዕጣን ለኩሶ ሦስት ጊዜ ሰገደ፤ ከዚያ ሻዩን በሁለት እጁ ያዘ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለ። "ካሁን በኋላ አላነሳውም። እናትህን ከሆስፒታል ያመጣችኋት ዕለት ባለቤቴ እልፍኛችንን ጠረገች። ግድግዳውን ኖራ ቀባን። ጂንሹይ ልዑሉን ያመጣዋል፣ እናቱን እልፍኝ ማስተኛት አለበት ብለን። በየማታው ትልቁን በር ከፍተን ነው ያመሸነው።"

"ለምን መጥተህ አልነገርከኝም?"

"ጥናውን ተመኘ ትላለህ ብዬ ፈራሁ።" ሻዩን አየ። "ዓሣ ተራ ልነግርህ ነበር። ደህና ናት አልከኝ።"

ሻዩን ጨርሶ ተነሣ። እስከ ቤቱ ደጅ ሸኘሁት። ሐዘንተኛ የሰው ቤት አይገባምና ከደፉ ውጭ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ግድግዳው እውነትም ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ ለአንድ ጥና የሚሆን ባዶ ጠረጴዛ አለ።

ስመለስ እርምጃዬን ቆጠርኩ። ከእሱ በር እስከ እኛ በር ስልሳ ሁለት ነው።